ኩክ የሚባል ሁሉ ዘመድ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ካርታ ላይ ኩክ ደሴቶች አሉ፣ የኩክ ተራራ አለ፣ የኩክ ሰርጥ አለ። ቺካጎ የምትገኝበት ካውንቲም (ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል) ኩክ ይባላል። ቶማስ ኩክ የሚባል የጉዞ ድርጅት ነበር። አፕልን የመራው ደግሞ ቲም ኩክ ነው። እነዚህ ሁሉ ከእንግሊዛዊው ባሕር አሳሽ ከካፒቴን ኩክ የመጡ ናቸው? ኩክ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ‹እኔ የካፒቴኑ ቀጥተኛ ዘር ነኝ› ይላል። ይሆናል?»

ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። ሥራዬ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነው። አብዛኛውን ቀኔን የማሳልፈው ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎችን በመለያየት ነው። ኩክ ደግሞ ከሚያደክሙኝ ስሞች አንዱ ነው። የባልደረባዎን ጉዳይ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። እስከዚያ ከስሙ እንነሣ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኩክ በእንግሊዝኛ ምግብ አብሳይ ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ቃሉ ከላቲን ወደ ጥንታዊው እንግሊዝኛ የገባ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ተራው ሰው በአንድ ስም ብቻ ይጠራ ነበር። አንድ መንደር ውስጥ አምስት ጆን ሲኖር ግን ያስቸግራል። ስለዚህ አንዱ ጆን አንጥረኛው፣ ሌላው ጆን ሸማኔው፣ ሌላው ጆን አብሳዩ ይባላል። ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ይህ ቅጽል እየረጋ ሄደ። አብሳዩ ሞቶ ልጁ ገበሬ ቢሆንም ኩክ መባሉ አልቀረም። የልጅ ልጁም እንደዚያው። የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። የቤተሰብ ስም ግን እንደ ቤት ዕቃ ይወረሳል፤ ወራሹ ድስት ነክቶ ባያውቅም።

አሁን አስቡት። አብሳይ የነበረው በአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በየገዳሙ፣ በየመስፍኑ ግቢ፣ በየከተማው አብሳይ ነበረ። ስለዚህ ኩክ የሚለው ስም ከአንድ አባት አልወጣም። በብዙ ማድ ቤት፣ እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሰዎች ላይ፣ ለየብቻ ተለጠፈ። ዛሬ በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በብዛት ከሚገኙት መቶ የቤተሰብ ስሞች መካከል ነው። ሁለት ኩኮች ተገናኝተው ዘመድ ቢሆኑ አጋጣሚ ነው። ባይሆኑ አይገርምም።

የቦታዎቹ ነገር ለየት ይላል። ቦታ ስሙን ለራሱ አያወጣም። የሆነ ሰው፣ በሆነ ቀን፣ በሆነ ምክንያት ያወጣለታል። እኔ አንድ ቦታ ሲገጥመኝ «ይህ ስም የማን ነው?» ብዬ አልጀምርም። «ማን አወጣው፣ መቼ?» ነው የምለው። ይህንን ይዘን ካፒቴኑ ጋ እንሂድ።

ጄምስ ኩክ የተወለደው በ1728 በእንግሊዝ ዮርክሻየር፣ ማርተን በምትባል መንደር ነው። አባቱ ከስኮትላንድ የመጣ የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ዊትቢ በምትባል የወደብ ከተማ የድንጋይ ከሰል በሚያመላልሱ መርከቦች ላይ ተለማማጅ ሆነ። በ1755 ባሕር ኃይል ገባ፤ ከታች ጀምሮ። ስም ያተረፈው በካርታ ሥራ ነው። የካናዳውን የሴንት ሎውረንስ ወንዝና የኒውፋውንድላንድን ጠረፍ ለካ። በ1768 ኢንዴቨር የምትባል መርከብ ተሰጠችው። ታሂቲ ሄዶ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ እንዲታይ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይቀጥላል። ኒውዚላንድን ዞሮ ካርታዋን ሠራ። በ1770 የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ጠረፍ ተከትሎ ሄደ። በሁለተኛው ጉዞው፣ ጥር 1773፣ እስከሚታወቀው ድረስ የአንታርክቲክን ክበብ በመርከብ ለመሻገር የመጀመሪያው ሆነ። በሦስተኛው ጉዞው የካቲት 14 ቀን 1779 ሃዋይ ውስጥ፣ ኬአላኬኩዋ በሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ፣ በተነሣ ግጭት ተገደለ።

ይህ ሰው ባሕር ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲሰይም ኖሯል። በራሱ ስም ግን አይሰይምም ነበር። ዛሬ «ኩክ» የሚባሉትን ቦታዎች የሰየሙት ሌሎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም እሱ ከሞተ በኋላ።

ደሴቶቹን ውሰዱ። ኩክ በ1773 ማኑዋኤ የምትባለዋን ትንሽ ደሴት አየ። የሰየማት በአንድ የባሕር ኃይል ሹም ስም ነው፤ «ሃርቪ» አላት። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሌሎቹን ጎበኘ። ራሮቶንጋን ግን አላያትም። ራሮቶንጋ ደግሞ ትልቋ ደሴት ናት፤ ዋና ከተማው አቫሩዋ ያለው እዚያ ነው። «ኩክ ደሴቶች» የሚለው ስም ካርታ ላይ የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ያወጣውም ክሩዘንሽተርን የሚባል የሩሲያ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። እንግሊዛዊው ያላወጣውን ስም ሩሲያዊ አወጣለት። ደሴቶቹ 15 ናቸው። የብሳቸው አንድ ላይ ተደምሮ ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከ1965 ጀምሮ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፣ ከኒውዚላንድ ጋር ግን ነጻ ትስስር አላቸው። በ1994 ስሙ ይቀየር አይቀየር ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። «ኩክ» ይቆይ አለ።

ተራራውም እንደዚሁ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ከፍተኛው ተራራ ነው፤ 3,724 ሜትር። ኩክ አላየውም። ስሙን የሰጠው በ1851 ጆን ሎርት ስቶክስ የሚባል የባሕር ካርታ ቀያሽ ነው፤ ኩክ ከሞተ ከ72 ዓመት በኋላ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎቹ ግን ከጥንት አኦራኪ ይሉት ነበር። በ1998 መንግሥት ከማኦሪዎቹ ወገን ከሆነው ከንጋይ ታሁ ሕዝብ ጋር በደረሰበት የካሳ ስምምነት ስሙ በሕግ «አኦራኪ/ማውንት ኩክ» ሆነ፤ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን፣ አኦራኪ ቀድሞ። ከፍታውን በተመለከተ አሮጌ መጽሐፍ ላይ 3,764 ሜትር የሚል ካያችሁ የኅትመት ስህተት አይደለም። በታኅሣሥ 1991 ጫፉ ተንዶ ወረደ፣ የቀረው በረዶም እያለቀ ሄደ። በኋላ በሳተላይት ሲለካ 40 ሜትር ጎድሎ ተገኘ። ለነገሩ ከዚህም የሚበልጥ ሌላ የኩክ ተራራ አለ። በአላስካና በካናዳ ድንበር ላይ በሴንት ኢላያስ ተራሮች መሃል ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሆናል። እሱም በካፒቴኑ ስም ነው። ግን ማንም አያወራለትም።

ከሰርጡ ጋር ግን ካፒቴኑ በቀጥታ ይገናኛል። የኒውዚላንድን ሁለት ዋና ደሴቶች የሚለየው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው፤ ስፋቱ በጠባቡ ቦታ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1642 ሆላንዳዊው አቤል ታስማን አጠገቡ ደርሶ ወደ የብስ የገባ፣ መውጫ የሌለው ባሕር መሰለው። ኩክ በ1770 ኮረብታ ላይ ወጥቶ አሻግሮ ሲያይ ባሕሩ ወዲያ ማዶ ይቀጥላል። አንዲት አገር የመሰለችው ሁለት ደሴት ሆና ተገኘች። ይህ ስም በሕይወቱ እያለ የተሰጠ ነው።

አላስካ ውስጥ ደግሞ ኩክ ኢንሌት የሚባል ረጅም የባሕር ክንድ አለ። አንኮሬጅ ከተማ ጫፉ ላይ ናት። ኩክ በ1778 እዚያ የገባው ከፓስፊክ ወደ አትላንቲክ የሚያሻግር መንገድ ፍለጋ ነበር። መንገዱ ዝግ ሆነበትና ተመለሰ። ለወንዝ ስለመሰለው ስሙን ባዶ ተወው። ለንደን ውስጥ የባሕር ኃይሉ አለቃ ሎርድ ሳንድዊች «የኩክ ወንዝ» ይባል አለ። ጆርጅ ቫንኩቨር በዚያ ጉዞ ላይ የኩክ ወጣት መርከበኛ ነበር። በ1794 የራሱን መርከብ ይዞ ተመልሶ ሲመረምረው ወንዝ አይደለም። «ወንዝ» የሚለውን አነሣና «ኩክ»ን ተወው። የመምህሩን ስህተት ሲያርም ስሙን ጠበቀለት ማለት ነው። ከቦታዎቹ ታሪክ ሁሉ እኔ ይህን እወዳለሁ።

አውስትራሊያ ውስጥ ኩክታውን የምትባል ከተማ አለች። ኢንዴቨር በሰኔ 1770 ከግሬት ባሪየር ሪፍ ኮራል ጋር ተጋጭታ ልትሰጥም ነበር። ወደ አንድ ወንዝ አፍ ጎትተው ወደ ሰባት ሳምንት ጠገኗት። «ካንጋሮ» የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ያኔ ነው፤ ከአካባቢው የጉጉ ይሚዲር ሕዝብ ቋንቋ ተወስዶ። ከተማዋ ግን የተመሠረተችው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1873 ነው። ያመጣት የፓልመር ወንዝ ወርቅ ነው።

እስካሁን ሁሉም በካፒቴኑ ስም ነው። አሜሪካ ስንደርስ ግን ነገሩ ይቀየራል።

ቺካጎ የምትገኝበት ኩክ ካውንቲ በአሜሪካ በሕዝብ ብዛት ሁለተኛው ካውንቲ ነው፤ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ካፒቴኑ ግን የለበትም። ስሙ የዳንኤል ፖፕ ኩክ ነው። የኢሊኖይ ግዛት የመጀመሪያው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ፣ በኋላም የኮንግረስ አባል ነበር። በ1827 በ33 ዓመቱ ሞተ። ካውንቲው በ1831 ሲቋቋም በስሙ ተሰየመ። ቺካጎ ራሷ ከተማ የተባለችው በ1837 ነው፤ እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ።

ኩክ ካውንቲ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ሚኒሶታ ውስጥ ሌላ አለ፤ በሜጀር ማይክል ኩክ የተሰየመ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ተሰልፎ በ1864 በናሽቪል ውጊያ የወደቀ ነው። ጆርጂያ ውስጥም አለ፤ በፊሊፕ ኩክ የተሰየመ። እሱ ደግሞ በዚያው ጦርነት ለደቡቡ የተዋጋ ጄኔራል ነው። ሦስት ኩክ ካውንቲ፣ ሦስት የተለያየ ሰው፣ ሁለቱ ጠላቶች። ቴክሳስ ላይ አራተኛ አለ፤ የዚያ ግን ፊደሉ ይለያል። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የፎቶግራፍ ስብስብ ካታሎግ ሠራሁ። ደቡብ አውስትራሊያ፣ ናላርቦር በሚባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ያለ ኩክ የሚባል የባቡር ጣቢያ ነበረበት። «በካፒቴን ጄምስ ኩክ ስም የተሰየመ» ብዬ ጻፍኩ። ለማጣራት እንኳ አላሰብኩም። አውስትራሊያ፣ ኩክ፣ አለቀ። አንድ አንባቢ ማስታወሻ ተወልኝ፦ «ካፒቴኑ እዚህ በረሃ በየትኛው መርከብ ደረሰ?» አፈርኩ። ጣቢያው የተሰየመው በጆሴፍ ኩክ ነው። ከ1913 እስከ 1914 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ። በዘጠኝ ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የገባ፣ በኋላ የተሰደደ ሰው ነው። ጣቢያው በዓለም ረጅሙ ቀጥ ያለ የባቡር መስመር ላይ ነው፤ 478 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ኩርባ። በ1990ዎቹ ባቡሩ ወደ ግል ሲዞር ነዋሪው ለቀቀ። አሁን ባዶ ቤት ነው የሚበዛበት።

ካንቤራ ውስጥ ደግሞ ኩክ የሚባል ሰፈር አለ። «እሱስ የማን ነው?» ብትሉ፣ የሁለቱም ነው። ሰያሚዎቹ ካፒቴኑንም ጠቅላይ ሚኒስትሩንም አስበው ነው ያወጡት። ለካታሎግ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ራስ ምታት ነው።

ቶማስ ኩክስ? ከካፒቴኑ ጋር የሚያገናኘው የለም። በ1808 በደርቢሻየር ተወለደ። እንጨት ሠራተኛና የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። አልኮል የሚባል ነገር አይወድም። በሐምሌ 1841 ወደ 500 ሰዎች ከሌስተር ወደ ላፍብራ በባቡር ወሰደ፤ ለአንድ ሰው አንድ ሺሊንግ። የሄዱትም ለፀረ መጠጥ ስብሰባ ነው። የዘመናዊ ሽርሽር ንግድ ከዚያ ተወለደ፤ መጠጥ ቤት ለማስረሳት የተጀመረ ጉዞ። ድርጅቱ ያደገው በልጁ በጆን ሜሰን ኩክ ነው። በ1884 የእንግሊዝ መንግሥት ካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን ጦር ሲልክ፣ ወታደሩንና ስንቁን በአባይ ላይ ያጓጓዘው የኩክ ድርጅት ነው። ኩባንያው ከ178 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2019፣ በአንድ ሌሊት ተዘጋ። 150 ሺህ ያህል እንግሊዛውያን ውጭ አገር ቀሩና መንግሥት አጓጓዛቸው። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ቶማስ የተወለደባት መንደር ሜልበርን ትባላለች። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ስሟን ያገኘችው ከሎርድ ሜልበርን ነው። የሎርዱ ማዕረግ ደግሞ ከዚያችው መንደር የመጣ ነው።

ከኩኮች ሁሉ ጥያቄዎን በደንብ የሚመልስልዎት ግን ያልጠቀሱት ሰው ነው። ፍሬደሪክ ኩክ፣ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በ1865 የተወለደ። ቤልጂካ በምትባል መርከብ አንታርክቲካ ሄዶ በረዶ ውስጥ ክረምቱን ካሳለፉት አንዱ ነው። መርከበኞቹ ትኩስ ምግብ በማጣት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ ሲታመሙ የፔንግዊንና የሲል ትኩስ ሥጋ ብሉ ብሎ አዳናቸው። በስሙም በሥራውም አብሳይ የሆነ ምናልባት እሱ ብቻ ነው። በ1908 ሰሜን ዋልታ ደረስኩ አለ። ሮበርት ፒሪ ደግሞ በ1909 «እኔ ነኝ የደረስኩት» አለ። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የኩክን ማስረጃ መርምሮ አላሳመነውም። ከዚያ በፊት በ1906 የሰሜን አሜሪካን ከፍተኛ ተራራ ዴናሊን ወጣሁ ብሎ ያሳየው ፎቶም ከአንዲት ትንሽ ኮረብታ ላይ የተነሣ ሆኖ ተገኘ። በኋላ በነዳጅ አክሲዮን ማጭበርበር ታሰረ። የቤልጂካ ጓደኛው ሮአልድ አሙንድሰን ግን እስር ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቀው።

ይህ ሰው ከእንግሊዝ ኩኮች ጋር አንድ ጠብታ የደም ዝምድና የለውም። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ናቸው። የቤተሰቡ ስም «ኮኽ» ነበር። ኮኽ በጀርመንኛ ምንድን ነው? አብሳይ። የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ በ1882 ያገኘው ሮበርት ኮኽም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ቤተሰቡ አሜሪካ ሲገባ ስሙ ወደ እንግሊዝኛው ዞረ። ስለዚህ አንድ ሰው ኩክ ስለተባለ እንግሊዛዊ ዘር አለው ማለት እንኳ አይቻልም።

ፊደሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ ኩክ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚባለው ፊደል አለው፣ አይነበብም። በእኛ ፊደል ስንጽፈው ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሁለቱም ኩክ ናቸው። የቴክሳሱ ካውንቲ ባለ «ኢ»ው ነው፤ ዊሊያም ኩክ ለተባለ ለቴክሳስ ነጻነት የተዋጋ ሰው የተሰየመ። ከዊትስተን ጋር ሆኖ በ1837 የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ያወጣው ዊሊያም ኩክም ባለ «ኢ» ነው። ሁለቱ ዊሊያሞች አንድ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ቋሚም አይደለም ይህ ነገር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆሴፍ ኩክ ሲወለድ «ኢ» ነበረችበት፣ ወጣት ሆኖ ጣላት። ዘፋኙ ሳም ኩክ ደግሞ ሲወለድ አልነበረችውም፣ በ1957 ገደማ ጨመራት። አንዱ የጣላትን ሌላው አነሣት።

ቲም ኩክ? አላባማ ውስጥ በ1960 ተወለደ፣ በ2011 ስቲቭ ጆብስን ተካ። ከላይ ካሉት ከማንም ጋር የሚያገናኘው የታወቀ ነገር የለም። የኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው «የኩክ ቴዎረም» ሲል የሚጠራው ስቲቨን ኩክን ነው፤ በ1971 ላወጣው ሥራ በ1982 የቱሪንግ ሽልማት ያገኘውን። ስታቲስቲክስ ላይ «የኩክ ርቀት» ሲባል ደግሞ ዴኒስ ኩክ ነው። መርከብ የለበትም።

የእኔን ጠረጴዛ ግን እውነት የሚያምሰው ሮቢን ኩክ ነው። አንዱ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ በ2003 የኢራቅን ጦርነት ተቃውሞ ከመንግሥት የለቀቀ። አንዱ አሜሪካዊ ሐኪምና የሕክምና ልብ ወለድ ደራሲ ነው። ሌላው እንግሊዛዊ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። አሜሪካዊው ሲታወቅ ስሙን ትቶ ደሬክ ሬይመንድ በሚል ብዕር ስም መጻፍ ጀመረ። አንዱን በአንዱ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ እንዴት ቀላል እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ባልደረባዎ። ካፒቴኑ በ1762 ኤልሳቤጥ ባትስን አገባ። ስድስት ልጆች ወለዱ። ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ናትናኤል በ1780 በአውሎ ነፋስ ከነመርከቡ ጠፋ። ሂዩ ካምብሪጅ ተማሪ እያለ በ1793 በትኩሳት ሞተ። የበኩሩ ጄምስ በ1794 ባሕር ላይ ሞተ። አንዳቸውም ልጅ አልተዉም። ኤልሳቤጥ ሁሉንም ቀብራ እስከ 1835 ኖረች፤ 93 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የካፒቴኑ ቀጥተኛ ዘር የሚባል ሰው የለም። ባልደረባዎን «ዋሽተሃል» አይበሉት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ከአያት የሚወረስ ነው። ካፒቴኑ ግን ማርጋሬት የምትባል እህት ነበረችው። ፍሌክ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አግብታ ልጆች ወልዳለች። የካፒቴኑን ወገን ሥጋ ዘመድ የሚፈልግ ሰው ኩክ የሚባሉትን ትቶ ከፍሌኮች ይጀምር።